ግራጫው ሣጥን

ጥቅምት 28 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ እንቅልፍህ የጠገበ፣ ሥራህም የተቃና ሆኖ ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው የሚያምፅብኝ፤ ሜዳ ላይ ተስማምተን እንሄዳለን።

በሠላሳ አራት ዓመትህ ሽቦ እያልኩ መጻፌን ታገሠኝ። የተበላሸ ሬዲዮ ስትፈታ ያደግክበት ስም ነው፣ ሌላው ስምህ አፌ ላይ አይቀመጥም። ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ታበላሻለች እንዳትለኝም። በስልክ ሲነገረኝ ገባኝ ገባኝ እላለሁ፣ ልክ ስዘጋው ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። ወረቀት ግን አሥር ጊዜ ብጠይቀው አይቆጣኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና እናትህ የሠራንበት የጥጥ ፋብሪካ የጡረተኞችን ቃል በቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ገጹ ላይ አውጥቷል። አንዷ እናትህ ናት። ከማረፏ ከስምንት ወር በፊት ካሜራ ይዘው ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ስለጠበበ ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። ምን እንደተናገረች አልሰማሁም፣ እሷም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አሥራ አራት ደቂቃ ነው ይላል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤቴ መጥቶ ገጹን አንተ ባቆምክልኝ ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ ከፈተልኝ። ጽሑፉ ይነበባል። ቪዲዮው መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን ግራጫ ሣጥን ተገትሯል፤ ውስጡ ማጫወቻው ስላረጀ ይታደስ የሚል ተጽፎበታል። ጎረቤቴ ትንሽ ጎረጎረውና ኮምፒውተርዎ እንደ እርስዎ ግትር ነው፣ እኔ ሱቅ ይምጡና ይዩት አለኝ። እምቢ አልኩ። እሱ ሱቅ ውስጥ አንዲት ገጽ ሊያባዛ የገባ ሁሉ አንገቱን እያሰገገ ሊያይ ነው። ብቻዬን ነው ማየት የምፈልገው።

ገጹ ጥር 30 ይዘጋል ተብሏል። ፋብሪካው አዲስ ሊያሠራ ነው፤ ቪዲዮዎቹን ወደ አዲሱ የሚያሻግር ሰው ግን የለውም። እስከዚያ ሣጥኑ እንዴት እንደሚከፈት ጻፍልኝ። ገንዘብም ዕቃም እንዳትልክ። ዘዴውን ብቻ።

የእናትህ የአክስት ልጅ፣
አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትዎንም ሜዳ ሜዳውን ይምራልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚህ ሰው አገር፣ በዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ። መስኮት ስለሌለን ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ከላይ በሚመጡት ሰዎች ጫማ ነው።

የሣጥኑ ነገር ቀላል ነው። ገጽ የሚከፍትልዎ ብሮውዘር ብቻውን እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ማጫወት አይችልም። ፕለጊን የሚባል ረዳት ይሰካለታል። እርስዎ ጋ ያለው ረዳት ፍላሽ ይባላል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ለለቅሶ ስመጣ የጫንኩት ነው። አሁን ስላረጀ ብሮውዘሩ አላምነውም ብሎ በር ላይ አቁሞታል። አዲሱን ፍላሽ ስናስገባ ያሳልፈዋል።

አብሮ የታጠፈውን ካርቶን ይመልከቱ። ሁለት መስመር በትልልቁ አትሜበታለሁ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ይክፈቱ፣ የመጀመሪያውን መስመር እንዳለ ይጻፉና አስገባ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። ሲጽፉ ምንም ነገር አይታይም፣ ነጥብ እንኳ አይታይም፤ አይደንግጡ፣ እየሰማዎት ነው። የመጀመሪያው መስመር ኮምፒውተሩ ምን አዲስ ነገር እንዳለ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው አዲሱን ፍላሽ አምጥቶ ይጭናል። ልቀጥል ወይ ሲልዎት አዎ ይበሉት።

ምን ተናግራ እንደሆነ እኔም ጓጉቻለሁ። በዚህ ሳምንት ፋታ ሳገኝ አየዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ሽቦ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

እጅህ የነካው ሁሉ ይሥራልህ፤ ከዚያ ምድር ቤትም አውጥቶ መስኮት ያለው ክፍል ይስጥህ። እኔ ደህና ነኝ።

መጀመሪያ ላይ አስቂኝ ነገር ሠራሁ። አዲሱ ፍላሽ ይግባ ስትል ያቺ ጣት የምታህለው ዕቃ መሰለችኝና ከጎረቤቴ ተውሼ በኮምፒውተሩ ጎን ሰካኋት። ሰክቼም ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በኋላ ደብዳቤህን ከላይ ጀምሬ ሳነበው ነው የገባኝ። ስመልስለት ለምን ፈለጓት አለኝ፤ ለማየት ያህል ነው ብዬ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር አዩዋት ወይ ይለኛል።

ከዚያ ካርቶንህን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ እንዳልከው ምንም አልታየም። ሰው በጨለማ ክፍል ገብቶ ሰው አለ ወይ እንደሚለው ዓይነት ነው፣ መልስ እስኪመጣ ያስፈራል። መጣ። መስመሮቹ እየተከታተሉ ወደ ላይ ሮጡ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየኋቸው። ያለ አንዳች ክርክር ጨርሶ ቆመ። እኔ በሕይወቴ አንድ ነገር እንዲህ በአንድ ጊዜ ሲሳካልኝ አላየሁም።

ሣጥኑ ግን ግራጫ ነው። እዚያው ነው። አራት ጊዜ ደገምኩት። አሁንማ ጥቁሩ መስኮት አዲሱ ገብቶልሻል፣ ሌላ የለኝም የሚል ነገር ይመልስልኛል። ሣጥኑ ደግሞ አሮጌ ነሽ ይለኛል። በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ያበላሸሁት ነገር ካለ ሳታዝንልኝ ንገረኝ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ ይብዛ። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ዳኛ ይሁኑን ብለዋል።

ምንም አላበላሹም። አዲሱ ፍላሽ በመጀመሪያው ቀን ገብቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ቀላል ስለሆነ መጻፍ የረሳሁት ነገር አለ። ብሮውዘሩ ረዳቶቹን የሚቆጥረው ሲከፈት ብቻ ነው። ክፍት እንዳለ ቢጨምሩለት አያየውም፣ በልቡ ያለው አሮጌው ነው። ስለዚህ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ ይዝጉት፣ ከዚያ እንደገና ይክፈቱት። ሌላ ምንም የለም።

እኔ አይቼዋለሁ። በምሳ ሰዓት ከፍቼ ሁለት ጊዜ አየሁት። ቀድቼ ላስቀምጠው ሞክሬ ነበር፤ ቪዲዮውን እየቆራረጠ ስለሚልክ አልያዝ አለኝ። ስለ እጇም ጠይቀዋታል። የመለሰችውን ግን አልነግርዎትም። ከራሷ ይስሙት።

አክባሪዎ፣
ሽቦ


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

በሰላም እንዳሉ ተስፋ አለኝ። ከርስዎ መልስ ካጣሁ ሰነበትኩ። ባለፈው እሑድ ስደውል ስለ ብርዱ ነግረውኝ፣ ስለ ጉልበትዎ ነግረውኝ፣ ድስት ጥጃለሁ ብለው ዘጉት። ስለ ሣጥኑ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ነበር።

ሃያ ሰባት ቀን ቀርቷል። ካስቸገረዎት ጎረቤትዎ ገብቶ ይዝጋልዎት። እርስዎ ወጥተው ቢቆዩም ይችላል።

ሽቦ


ጥር 8 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ሰላምታ ካበዛሁ ሌላውን ሳልጽፍ ወረቀቱ ያልቃል፣ ደግሞም ለዚያ እንደማበዛው ራሴም ነቅቼበታለሁ።

የታኅሣሥ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ዝጊና ክፈቺ፣ ይኸው ነው ያልከው። ገጹን ጎረቤቴ ከከፈተልኝ ቀን ጀምሮ አንዴም አልዘጋሁትም። መጀመሪያ የፈራሁት ከዘጋሁት ተመልሶ አይገኝም ብዬ ነበር። መብራት ሲጠፋ እንኳ ባትሪው እንዳያልቅ አጠገቡ ቆሜ ስጸልይ ነበር። ያንተ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ ግን የምፈራው እንዳይጠፋ አይደለም። የሚያስፈራኝ መከፈቱ ነው። ስለ እጇ ጠይቀዋታል ብለህ ጻፍክ፣ አንተም ሰምተሃል። እንግዲህ እሷ ከነገረችህ በኋላ መናገሬ ዋጋ የለውም፤ ቢሆንም በእጄ ልጻፈው።

እናትህ ሁለት ጣቷን ያጣችው በራሷ ማሽን ላይ አይደለም። በእኔ ነው።

ማንበብ የተማርኩት ከጥጥ ጥቅል ላይ ካለው ጽሑፍና ባለቤቴ ከሚያመጣው ጋዜጣ ነው። አንድ ቀን ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አመጣልኝ። አንዲት አዋላጅ በሙላት ወንዝ፣ በገመድ በምትሳብ ጀልባ፣ ምጥ ወደ ያዛት ሴት ስትሻገር ነው ታሪኩ። ፋብሪካ ይዤው እሄድ ነበር። በሻይ ሰዓት ያነበብኩትን ለሴቶቹ እነግራለሁ፤ እናትህ ከሁሉም አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። አንድ ቀን በከሰዓት ፈረቃ ገመዱ ሊበጠስ የደረሰበት ቦታ ላይ አቁሜ ነበር። እሷን አንዴ ማሽኔን ያዢልኝ አልኳትና ከጥጥ ጥቅሎቹ ጀርባ ገባሁ። አሥራ አንድ ገጽ ነበር የቀረኝ።

የእኔ ማበጠሪያ ማሽን የክዳኑ መቀርቀሪያ ላልቶ ነበር። ጥጥ ሲታነቅበት ክዳኑን በግራ ክንዴ ደግፌ ነው የማወጣው። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ከተናገርኩ ማሽኑን ያቆሙትና ሌላ ቦታ ያዛውሩኛል ብዬ። እሷ አላወቀችም፤ ክዳኑን ሳትደግፍ እጇን አስገባች። ጩኸቷን ስሰማ መጽሐፉን እንኳ አልዘጋሁም፣ እንደያዝኩት ሮጥኩ።

አለቃው መጥቶ እዚህ ማሽን ላይ የተመደበው ማነው አለ። እናትህ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ እኔ ነኝ አለችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ዝም አልኩ። በግድየለሽነት ብሎ ጻፈባት፣ ከማሽን አውጥቶ ጠራጊ አደረጋት። ከዚያ ወዲህ ያን መጽሐፍ አልከፈትኩም። እሷም አላነሳችም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ስንበላ፣ አብረን ስንጠጣ፣ እሷን ሳስታምም፣ አንድም ቀን አልተነሳም።

አንተ ትንሽ ሆነህ አንቺ ትለኝ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ እርስዎ ሆንኩ። አውቆብኛል ማለት ነው ብዬ ነበር። አሁን በእርግጥ አውቀሃል። ገጹን ሳልዘጋው ጥር 30 ይድረስ ብዬ ነበር፤ ግን ስለ ብርድ እያወራሁ በዘጋሁብህ ቀን ድምፅህ እንደ እናትህ ሆነብኝና ይህን ጻፍኩ።

ብትቀየመኝ አልቀየምህም።

አክስትህ


ጥር 19 ቀን

አክስቴ፣

አንዲት የሆስፒታላችን ነርስ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ልኬዋለሁ። ፖስታ ቤት አላመንኩም፣ ቀኑ አልቋል።

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ልበልሽ። እርስዎ ያልኩሽ አውቄብሽ አይደለም። በቀብሩ ቀን ፊቴን አላየሽም። እናቴ ታማ ስትተኛ አንቺ ነበርሽ ያስታመምሻት፤ እኔ ደርሼ የቆምኩት ከተቀበረች በኋላ ነው። በልብሽ ተቀይመሽኛል፣ ተገቢም ነው ብዬ ነበር። ሁለታችንም ዓይን ስንሸሽ አንድ ጊዜም ዓይን ለዓይን ሳንገናኝ ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

የማሽኑን ነገር አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነግራኛለች። የሸሚዜን ቁልፍ ስትቆልፍልኝ ቀስ ስትልብኝ ተቆጣኋት፣ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ማን እንደነበር ጭምር። ለአክስትህ እንደምታውቅ እንዳትነግራት፣ ራሷ ስትፈልግ ትነግርሃለች አለችኝ። ሃያ አንድ ዓመት ጠበቅኩሽ። አሁን ነገርሽኝ፣ አለቀ።

ቀሪው ከቪዲዮው ይሰማል። ገጹ በኮምፒውተርሽ ውስጥ አይደለም ያለው፣ ፋብሪካው ጋ ነው፤ አንቺ ብትዘጊው የሚጠፋ ነገር የለም። አድራሻውን በዚህ ካርቶን ላይ አትሜልሻለሁ። ብሮውዘሩን ዝጊ፣ ክፈቺ፣ አድራሻውን ጻፊ። ጎረቤትሽን አትጥሪ። ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ልጅሽ፣
ሽቦ


ጥር 29 ቀን

ለልጄ ለሽቦ፣

ሰላምህ ይብዛ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ቀጥ ብሎ እየጻፈ ነው፣ ከላይኛው መስመር ታየዋለህ።

ነርሷ ትናንት ጠዋት መጥታ ደብዳቤህን ሰጠችኝ። ቆማ ሳለች ስላነበብኩት ውኃ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ስትሄድ በሩን ቆለፍኩ። ብሮውዘሩን ዘጋሁት፣ የባዶው ስክሪን ሰማያዊ ታየ። ከዚያ ከፈትኩ፣ አድራሻውን ጻፍኩ። ሣጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ክብ ነገር ስትሽከረከር ቆየችና እናትህ ብቅ አለች። ያንን ሹራብ ለብሳ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሐኪም ፊት እንደቀረበች ካሜራውን እያየች።

የመጀመሪያው ስምንት ደቂቃ ስለ ደመወዝ፣ ስለ አቧራው፣ አለቃው ሲመጣ በጣት ይጠቋቆሙበት ስለነበረው ምልክት ነው። በጣም አሳቀችኝ። ከዚያ ጠያቂው ስለ እጇ አነሳ። ቃል በቃል ጻፍኩልህ፣ አንተ ብትሰማውም የኔ እጅ ይጻፈው።

"ጣቶቼን ነው? የአክስቴ ልጅ ከጥጥ ጥቅሉ ጀርባ መጽሐፍ ታነብ ነበር። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት። ገመዱ ሊበጠስ ሲል አቁማብን እንዴት ሥራ ልሥራ? ሂጂ ጨርሺና ነይ ብዬ ገፋኋት። የማሽኗ ክዳን እንደላላ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ እሷ ብቻ ናት ምስጢር ነው የምትለው። ዓይኔ ግን ጥቅሎቹ ላይ ነበር፤ መጣች አልመጣች እያልኩ እጄን ሳላይ ሰደድኩት።"

ጠያቂው ታዲያ ቂም አልያዙባትም ወይ አላት።

"ይዣለሁ እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት ይዣለሁ። መጨረሻውን ሳትነግረኝ ቀረች። ልጠይቃት አስብና ታለቅሳለች ብዬ እተዋለሁ። ሴትየዋ ትሻገር አትሻገር እስከ ዛሬ አላውቅም።"

እኔ የማስታውሰው እኔ እንደለመንኳት ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ እኔ ነኝ ያልኳት አለች። አሁን ማንን ልከራከር? በሕይወቷ ሳለችም ተከራክሬ አሸንፌያት አላውቅም። አለቀስኩ፣ ግን ያ የሚያደክም ልቅሶ አልነበረም። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል ደህና ነዎት ወይ አለኝ። ደህና ነኝ፣ ሣጥኑ ተከፈተ አልኩት። ፍላሿን አየኋት በሉኛ አለኝ፤ አዎ፣ አየኋት አልኩት።

ዝም ማለቴ ግን ዝም ማለት ነው። አለቃው ሲጠይቅ አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ እሱን እሷም ልትወስድልኝ አትችልም። እሱን ተሸክሜው እሄዳለሁ። ጣቶቹን ግን ዛሬ አስቀመጥኳቸው። ከመሬት ላይ ከባድ ዕቃ አስቀምጠህ ስትቀና ወገብህ እንዴት እንደሚሰማህ ታውቃለህ፣ እንደዚያ ነኝ።

ነገ ገጹ ይዘጋል። ይዝጉት፣ እኔ ሰምቻለሁ።

ያን መጽሐፍ ዛሬ ጠዋት ከልብስ ሣጥኑ ሥር አወጣሁት። አሥራ አንዱን ገጽ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ማን ይሰማኛል ሳልል። የእናትህ ድርሻ ላንተ ስለሚደርስ ንገረኝ ሳትል ልንገርህ። ገመዱ ይበጠሳል። ጀልባዋ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አዋላጇ ጠርዙን ጨብጣ የምታውቀውን ሁሉ ትሰናበታለች። ከዚያ ውኃው ራሱ ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ወደ ማዶው ዳር ያወጣቸዋል። እስከ ጉልበቷ ረጥባ፣ አንድ ጫማዋን አጥታ፣ እየሮጠች ስትደርስ ልጁ ተወልዶ፣ ጠብቶ፣ ተኝቷል። እናቲቱም ደህና ናት። ሴቶቹ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የሮጥሽው ይሏታል፣ ይስቁባታል፣ ቦታ ይለቁላታል። መጨረሻው ይኸው ነው። ተቀመጪ አሏት፣ ተቀመጠች።

አክስትህ